የምንጊዜም ምርጡ የትራሽ ሜታል አልበም የቱ ነው? ውሃ የሚያነሳ ክርክር የማካሄጃ መመሪያ

ትራሽ ፈጣንና ቁጡ የሆነ የሄቪ ሜታል ዓይነት ነው። ሁለት የሜታል ወዳጆች ከተገናኙ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንዱ የሜታሊካን «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ይላል። ሌላው የስሌየርን «ሬይን ኢን ብለድ» ይላል። ሦስተኛው የጀርመኑን ባንድ አንስቶ «ክሪኤተርን ሳትሰሙ ነው እንዴ የምታወሩት?» ብሎ ሁለቱንም ያናድዳል። ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንዱ የሌላውን ምርጫ ማጣጣል ይጀምራል፣ ነገሩም ሳይቋጭ ይበተናል።

ክርክሩ ግን በደንብ ከተመራ ጆሮ ይስላል። ስንት ጊዜ የሰማችሁትን አልበም እንደ አዲስ ያሰማችኋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከሁለት እስከ ስድስት ሰው ላለበት ጨዋታ ይሆናል። ብቻውን ቁጭ ብሎ ዝርዝር ማውጣት ለሚፈልግም ይሠራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከጣዕም ልዩነት አይደለም። ተከራካሪዎቹ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እየመለሱ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው፦ ከትራሽ አልበሞች ሁሉ እንደ ሙዚቃ ሥራ የላቀው የቱ ነው?

ሁለተኛው፦ ትራሽ ማለት ምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያሳየው የቱ ነው?

መልሱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አንዱ ስለ ዘፈን አወቃቀርና ስለ ዜማ ጥልቀት እያወራ ሌላው ስለ ፍጥነትና ስለ ጭካኔ የሚያወራ ከሆነ፣ እስከ ንጋት ቢያወሩ አይገናኙም። እኔ ለመጀመሪያው ሜታሊካን፣ ለሁለተኛው ስሌየርን ነው የምመርጠው። ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ። ለጊዜው ሁለቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፉና ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ላይ አስቀምጡት። አንድ ሰው አልበም በጠራ ቁጥር «ለየትኛው ጥያቄ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህች አንዲት ጥያቄ ግማሹን ጭቅጭቅ ታበርደዋለች።

2. ትራሽ ምን እንደሆነ በጆሮ ተስማሙ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የክርክሩ መሠረት ይሄ ነው።

ከየት እንደመጣ ባጭሩ እንይ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ የሄቪ ሜታል ማዕበል ተነሳ። አይረን ሜይደን፣ ሳክሰን፣ ዳይመንድ ሄድ የዚያ ትውልድ ናቸው። በዚያው ሰሞን ሃርድኮር ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ ከአሜሪካም ከእንግሊዝም ይጮህ ነበር፤ እነ ብላክ ፍላግ፣ እነ ዲስቻርጅ። የእንግሊዙ ባንድ ሞተርሄድ መሀል ላይ ቆሞ ሁለቱንም ወገን ያስጨፍር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢና በኒውዮርክ የነበሩ ወጣቶች ሁለቱንም ይሰሙ ነበር። ካሴት በፖስታ ይለዋወጣሉ፣ የተቀዳውን መልሰው ይቀዳሉ። ከሜታሉ የጊታር ችሎታውን፣ ከፓንኩ ጥድፊያውንና ቁጣውን ወሰዱ። ሐምሌ 1983 ላይ የሜታሊካ «ኪል ኤም ኦል» ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስሌየር «ሾው ኖ መርሲ» ተከተለ።

ይህ ታሪኩ ነው። ታሪክ ብቻውን ግን ክርክር አይፈታም። አንድን ዘፈን ሰምታችሁ ትራሽ ነው ወይስ አይደለም ለማለት የሚከተሉትን በጆሯችሁ ፈልጉ።

*ቀኝ እጅ።* ብዙ ሰው ጊታር ሲሰማ ልቡ ወደ ሶሎው፣ ማለትም ጊታሩ ለብቻው ጎልቶ ወደሚጫወትበት ክፍል ይሄዳል። ትራሽ ያለው ግን ዘፈኑን ከሥር በምት በሚሸከመው በሪዝም ጊታሪስቱ ቀኝ እጅ ላይ ነው። የመዳፉ ጠርዝ ክሮቹ ከጊታሩ አካል ጋር የሚያያዙበት ቦታ ላይ በስሱ ያርፋል። ክሩ ሲመታ ድምፁ አይንሰራፋም። ይታፈንና «ጁግ፣ ጁግ፣ ጁግ» ይላል። ይህን ጊታሪስቶች ፓልም ሚዩት ይሉታል። ወፍራሙ ክር ታፍኖ በጥድፊያ ይመታል፤ በየመሀሉ መዳፉ ብድግ ይልና አንድ ኮርድ ክፍት ሆኖ ይጮኻል። ሪፍ እየተደጋገመ ዘፈኑን የሚሸከም አጭር የጊታር ሐረግ ነው፤ የትራሽ ሪፍ ማለት ይህ የመታፈንና የመፈንዳት ፈረቃ ነው።

የሜታሊካው ጄምስ ሄትፊልድ ደግሞ ነገሩን አከበደው። ፒኩን (ክሩ የሚመታበትን ትንሽ ቁራጭ) ወደ ታችም ወደ ላይም እየመቱ ቢጫወቱ ይቀላል። እሱ ብዙ ሪፎቹን ወደ ታች ብቻ ነው የሚመታው። «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» የሚለውን ዘፈን ዋና ሪፍ በዚህ መንገድ ለመጫወት የሞከረ ሰው ክንዱ ሲግል ይገባዋል። ድምፁም ይለያል። እያንዳንዱ ምት እኩል ክብደት ይኖረውና እንደ ማሽን ይሆናል። ወደ ላይ ሲመታ ያቺ ክብደት ትሳሳለች።

*ድራም።* ከፓንክ የመጣው ዋና ምት እግር (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም)፣ ስኔር («ጣ» የሚለው ትንሹ ድራም)፣ እግር፣ ስኔር እያለ የሚሮጥ ነው፤ «ዱም-ጣ-ዱም-ጣ»። በፍጥነት ሲመታ ዘፈኑ ወደፊት እየወደቀ ያለ ይመስላል። በላዩ ላይ ሁለቱም እግር የሚሠራበት ደብል ቤዝ ይጨመራል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ160 እስከ 220 ምት መሀል ነው። ሆኖም ፍጥነት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ፈጥኖ ትራሽ ያልሆነ ሙዚቃ ሞልቷል። ቀስ ብሎም ትራሽ የሆነ አለ።

*ድምፅ።* ዘፋኙ ይጮኻል፤ ቃሉ ግን ይሰማል። እንደ አይረን ሜይደን በዜማ ወደ ሰማይ አይወጣም። እንደ ዴዝ ሜታል ከሆድ አያጉረመርምም። መሀል ላይ ነው፤ ንዴት የያዘው ሰው ፈጠን ብሎ ሲናገር እንደሚሰማው።

*ለውጥ።* ጥሩ የትራሽ ዘፈን አንድ ፍጥነት ላይ አይቆይም። ሲሮጥ ይቆይና በድንገት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ያኔ ነው ሁሉም ሰው ራሱን መነቅነቅ የሚጀምረው። ከዚያ ሶሎ ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና ሩጫ።

ግጥሙም ይታያል፤ የኑክሌር ጦርነት፣ ሱስ፣ ሙሰኛ ፖለቲካ፣ እብደት። የፍቅር ዘፈን ፈልጋችሁ ብትመጡ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ይህን ግን እንደ ተጨማሪ ምልክት ብቻ ያዙት። ሁሉም የሜታል ዓይነት ስለ ጦርነት ይዘፍናል።

ለመስማማት እንዲረዳችሁ የሜታሊካን «ፋይት ፋየር ዊዝ ፋየር» አብራችሁ ስሙ። «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» ላይ የመጀመሪያው ዘፈን ነው። በለስላሳ አኩስቲክ ጊታር ይጀምራል። የሚያምር፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚመታ የሚመስል ነገር። ከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ያ የታፈነ ሪፍ ይወድቅባችኋል። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ እዚያች ሽግግር ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

3. ድንበር ላይ ያሉትን ቶሎ ዳኟቸው

እዚህ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ደንቡ ይሄ ይሁን፦ የአልበሙ ግማሽና ከዚያ በላይ በደረጃ 2 ካነሳናቸው ነገሮች ጋር ከገጠመ ይግባ፤ ካልሆነ ይውጣ። የእኔ ፍርድ የሚከተለው ነው።

ሞተርሄድና ቬነም አባቶች ናቸው፤ አልበማቸው ግን ትራሽ አይደለም። ያለ እነሱ ትራሽ አይኖርም ነበር፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፖዘስድ «ሰቨን ቸርችስ» (1985) አንድ እግሩ ዴዝ ሜታል ውስጥ ነው። የሚከራከርለት ካለ ይግባ።

የፓንቴራ «ቩልጋር ዲስፕሌይ ኦፍ ፓወር» (1992) ግሩም አልበም ነው። ግን የሚያሽከረክረው ሩጫው ሳይሆን የከበደ ውዝዋዜው ነው። ግሩቭ ሜታል በሉትና ለብቻው ቀን ስጡት።

የዲ አር አይ እና የኤስ ኦ ዲ ሥራዎች ክሮስኦቨር ናቸው፤ ፓንኩ ይበዛባቸዋል። እኔ አላስገባቸውም። እናንተ ብታስገቡ አልጣላም።

ሜታሊካ በ1991 ያወጣው ጥቁሩ አልበምስ? አይገባም። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ይሁን። ዘፈኖቹ አጥረዋል፣ ፍጥነቱ ወርዷል፣ አወቃቀሩም የሮክ ሆኗል። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሌላ ነገር ነው።

አንድ የማያስደስት እውነት ልጨምር። ደንቡን ጨክናችሁ ከተጠቀማችሁበት «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ራሱ በጠባቡ ነው የሚያልፈው። ከስምንቱ ዘፈኖች አንዱ ከባድና ዝግ ያለ ነው፣ አንዱ በለሆሳስ የሚጀምር ነው፣ አንዱ ዘፋኝ የሌለበት ረጅም የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። ይህን ያዙት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

4. እጩዎችን ስትሰበስቡ ከአራቱ ታላላቆች ውጡ

ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ሜጋዴዝ፣ አንትራክስ። «አራቱ ታላላቆች» ይባላሉ። ስሙ የመጣው ብዙ አድማጭ ስላገኙ ነው። የጥራት ደረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱት። አራቱ አንድ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እንኳ በሰኔ 2010 ዋርሶ ላይ ነው።

ስለዚህ ደንብ አውጡ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት አልበም ያቅርብ። ቢያንስ አንዱ ከአራቱ ታላላቆች ውጪ ይሁን። ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከአሜሪካ ውጪ ይሁን። ጠቅላላው ከ12 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ማንም ሁሉንም በቅጡ ሰምቶ አይመጣም።

ከየት እንደምትጀምሩ ለማያውቁት የሚከተሉትን እጠቁማለሁ።

የኤክሶደስ «ቦንድድ ባይ ብለድ»። የተቀዳው 1984 ነው፤ የወጣው ግን 1985 ላይ ነው። መዘግየቱ ጎዳው። ሜታሊካ እስከዚያ ሁለት አልበም አውጥቶ ነበር። ጊታሪስቱ ኪርክ ሃሜት ከኤክሶደስ ወጥቶ ወደ ሜታሊካ የገባው በ1983 ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ባንዶች ታሪክ የተጠላለፈ ነው። ዘፋኙ ፖል ባሎፍ በትክክል እየዘፈነ ነው ማለት ይከብዳል። ልክ ለዚህ ሙዚቃ ግን የሚሻል የለም።

የቴስታመንት «ዘ ሌጋሲ» (1987)። የጊታሪስቱን የአሌክስ ስኮልኒክን ሶሎዎች ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፤ አጨዋወቱ ግን የሰከነ ነው።

የዳርክ ኤንጅል «ዳርክነስ ዲሴንድስ» (1986)። ድራመሩ ጂን ሆግላን ነው። ማለት የሚቻለው ይሄን ያህል ነው፤ ሂዱና ስሙት።

ከጀርመን ሦስት ባንዶች አብረው ይጠራሉ፤ ክሪኤተር፣ ሶዶም፣ ዲስትራክሽን። ድምፃቸው ከአሜሪካኖቹ የሻከረ ነው። የክሪኤተር «ፕሌዠር ቱ ኪል» (1986) ለዴዝ ሜታል መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። የሶዶም «ኤጀንት ኦሬንጅ» (1989) ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ይዞ ይመጣል፤ ባንዱ ከጥንቱ ግርግር ወጥቶ የበሰለበት አልበም ነው።

ከካናዳ ቮይቮድ አለ። ኮርዶቻቸው ጠማማ ናቸው። መጀመሪያ የተሰበረ ነገር ይመስላል፤ ቆይቶ ይገባል። ከስዊዘርላንድ ኮሮነር አለ። ትዕግሥት ላለው ሰው ትልቅ ሀብት ነው።

ከብራዚል የሴፑልቱራ «ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ» (1989)። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ነው የተቀዳው። ፕሮዲውሰሩ ስኮት በርንስ ነበር፤ በኋላ የፍሎሪዳ ዴዝ ሜታል ድምፅ በስሙ የሚጠራለት ሰው። ይህን አልበም ከአንትራክስ «አማንግ ዘ ሊቪንግ» በላይ ነው የማስቀምጠው። ብዙ ሰው በዚህ ይቆጣኛል። «አማንግ ዘ ሊቪንግ» ደስ ይላል፣ ይዘላል፣ ይስቃል። ሴፑልቱራ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድም የላላ ቦታ የለውም።

ከአዲሶቹ አንድ ይኑር፤ የፓወር ትሪፕ «ናይትሜር ሎጂክ» (2017)። አሮጌውን ነገር ሳይኮርጅ እንዴት አዲስ ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

5. የትኛውን እትም እንደምትሰሙ ወስኑ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ሰምተው ስለ አንድ አልበም ይጨቃጨቃሉ።

የሜጋዴዝ «ረስት ኢን ፒስ» በ1990 ወጣ። በ2004 እንደገና ሚክስ ተደርጎ (የተቀዱት ድምፆች ዳግም ተመጣጥነው) ሲወጣ አንዳንድ የድምፅ ክፍሎች አዲስ ተቀድተው ገብተዋል። የዘፋኙና ጊታሪስቱ የዴቭ ማስቴን ድምፅ በሁለቱ እትሞች አንድ አይደለም። ኤክሶደስ በ2008 የመጀመሪያ አልበሙን ከሌላ ዘፋኝ ጋር ሙሉ በሙሉ እንደገና ቀድቶታል። ቴስታመንትም በ2001 የድሮ ዘፈኖቹን ዳግም ሠርቷል። ኢንተርኔት ላይ የመጀመሪያው ያገኛችሁት የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

የምመክረው መጀመሪያ በወጣበት ጊዜ የነበረውን ሚክስ እንድትሰሙ ነው። አዲሶቹ እትሞች ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ተደርጎ ታጭቋል። ከፍ ያለ ድምፅ ለጆሮ ቶሎ ይጥማል፤ ለፍርድ ግን ያሳስታል።

6. ከዳር እስከ ዳር ስሙ፤ ሁለት ጊዜ

የምትዳኙት አልበም ነው እንጂ ዘፈን አይደለም። ስለዚህ ዘፈን አትዝለሉ፣ ቅደም ተከተሉንም አታዛቡ።

በስልክ ስፒከር አትስሙ። የታፈነው ሪፍ ክብደቱ ያለው ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። ትንሿ ስፒከር እሱን አውጥታ ትጥለውና የሚቀረው የንብ ድምፅ ይሆናል። መካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል።

በመጀመሪያው ዙር ምንም አትጻፉ። በሁለተኛው ዙር ድራሙን ብቻ ተከተሉ። የሚገርም ነገር ነው፤ ጊታሩን ትታችሁ ድራሙን ስትከተሉ የትኛው ባንድ እውነት እንደሚያስብ፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደሚሮጥ ይለያል። የስሌየሩን ዴቭ ሎምባርዶን በዚህ መንገድ ስሙት። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያስገባቸው ሙሌቶች (አጫጭር የድራም ምቶች) የዘፈኑ መገጣጠሚያዎች ናቸው።

ስትጽፉ ደቂቃና ሰከንድ ጻፉ። «ሪፉ አሪፍ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። «ይህ ዘፈን እዚህ ደቂቃ ላይ ወደ ግማሽ ፍጥነት ይወርዳል፣ ለዚህም ነው ቀጥሎ የሚመጣው ሶሎ የሚከብደው» ብላችሁ ስትመጡ ሌላው ሰው ከፍቶ መስማት ይችላል።

7. የማይሠሩ መከራከሪያዎችን አስቀድማችሁ አግዱ

ሽያጭ። ብዙ የተሸጠው የተሻለ ነው የሚለው ውሃ አያነሳም። ጥቂት የተሸጠው የተሻለ ነው የሚለውም እንደዚሁ። ይህ ሁለተኛው በሜታል ወዳጆች ዘንድ የባሰ የተለመደ ነው። ማንም የማያውቀው ባንድ ስለጠራህ ጆሮህ ረቀቀ ማለት አይደለም።

ሽልማት። በ1989 ግራሚ ለሃርድ ሮክና ለሜታል ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲሰጥ ሜታሊካ ተሸንፎ በዋሽንት የሚታወቀው የሮክ ባንድ ጄትሮ ታል ወሰደው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ከድተዋል»፣ «ለገንዘብ ሄደዋል» የሚለው ወቀሳ። በ1996 የወጣ አልበም በ1986 የወጣውን አያበላሸውም።

የቀደመ መሆን። ይህ ለሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይጠቅማል፤ ለመጀመሪያው ግን አይሠራም። ቀድሞ መምጣት ታሪክ ነው፤ የአልበም ጥራት አይደለም።

የማን ድራመር ፈጣን ነው የሚለውንም ጣሉት። ሩጫ ውድድር አይደለም የያዝነው።

8. ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሙ

ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የ1986። ያ ዓመት ጉድ ነበር፤ የሜጋዴዝ «ፒስ ሴልስ»፣ «ፕሌዠር ቱ ኪል»፣ «ዳርክነስ ዲሴንድስ» ሁሉም ያን ዓመት ነው የወጡት። ንጽጽሩ እንዴት እንደሚሠራ በነዚህ በሁለቱ ላሳያችሁ።

«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» መጋቢት ላይ ወጣ። ስምንት ዘፈን፣ ወደ 55 ደቂቃ። ኮፐንሃገን ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ፍሌሚንግ ራስሙሰን ጋር ነው የተቀዳው። ይህን አልበም ለመረዳት ከጎኑ «ራይድ ዘ ላይትኒንግ»ን አስቀምጡ። ሁለቱም በአኩስቲክ ጊታር ይጀምሩና ወደ ሩጫ ይገባሉ። በሁለቱም ሁለተኛው ዘፈን የአልበሙን ስም ይዟል። በሁለቱም አራተኛው ዘፈን በለሆሳስ ይጀምራል። በሁለቱም ወደ መጨረሻው ረጅም የመሣሪያ ሙዚቃ አለ። ባንዱ ቅርጽ አግኝቷል፤ ቅርጹን ነው የደገመው። እዚህ ላይ ተከራካሪ ሁለት መንገድ አለው። «ራይድ ቀድሞታል፣ ስለዚህ ማስተር ግልባጭ ነው» ሊል ይችላል። ወይም «ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው የሰመረው» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ምክንያቴ የርዕሱ ዘፈን ነው። ስምንት ደቂቃ ተኩል ይረዝማል፤ መሀሉ ላይ ዲስቶርሽኑ (የጊታሩ ሻካራ ድምፅ) ጠፍቶ ንጹሕ ጊታር ይቀራል። የመጀመሪያውን ሶሎ ሄትፊልድ ራሱ ቀስ ብሎ ይጫወተዋል። ከዚያ ነገሩ በደረጃ ይከብድና ወደ ሩጫው ይመለሳል። ግጥሙ ሱስ ሰውን እንዴት እንደሚገዛ ነው የሚናገረው፤ ተናጋሪው ራሱ ሱሱ ነው። ሙዚቃውም ልክ እንደዚያ ያባብላል፣ ከዚያ ይይዛል። ትራሽ ከዚያ በፊት ይህን ያህል አስቦ አያውቅም። ቤዝ ጊታሪስቱ ክሊፍ በርተን «ኦራየን» ላይ የሚያደርገውም አለ። በመስከረም መጨረሻ በስዊድን በአውቶቡስ አደጋ ሞተ፤ አልበሙ ከወጣ ሰባት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

«ሬይን ኢን ብለድ» ጥቅምት ላይ መጣ። አሥር ዘፈን፣ ወደ 29 ደቂቃ። ካሴት ላይ ሲወጣ አንዱ ገጽ ሙሉውን አልበም ስለሚይዝ ሁለቱም ገጽ ላይ ደገሙት። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን ከራፕ ዓለም ነበር የመጣው፤ አልበሙን ያወጣው ዴፍ ጃምም የራፕ ኩባንያ ነበር። እሱ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ሜታል አልበም ሁሉ ዋሻ ውስጥ የተቀዳ ያህል ያስተጋባ ነበር። ሩቢን ያን ማስተጋባት ጠረገው። ጊታሩም ድራሙም ደርቀው ጆሮ ሥር ሆኑ። ሙዚቃው ሲፈጥን ድምፅ ከድምፅ ጋር አይቀላቀልም፤ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል።

የመጀመሪያውን ዘፈን «ኤንጅል ኦፍ ዴዝ»ን ስሙ። ሪፉ ይነሳል፣ የዘፋኙ የቶም አራያ ረጅም ጩኸት ይከተላል፣ ከዚያ ሩጫ። መሀል ላይ በድንገት ይወርዳል። ያ የወረደው ሪፍ በጣም ከመጣሙ የተነሳ የራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ አባላት በ1988 ወስደው ራፕ አደረጉበት። ወደ መጨረሻው ሁሉም ዝም ይልና የሎምባርዶ ሁለት እግር ብቻ ለቅጽበት ይሮጣል። ግጥሙ በአውሽቪትዝ እስረኞች ላይ አሰቃቂ ሙከራ ስላደረገው የናዚ ሐኪም ስለ ጆሴፍ ሜንገለ ነው። በዚህ ምክንያት ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አልበሙን አላከፋፍልም አለ፤ ጌፈን ወሰደው። በዚህ ግጥም ላይ መከራከር ተገቢ ነው። ዘፈኑ ይተርካል እንጂ አያወግዝም። ይህ የሚከብደው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

እንግዲህ ሁለቱን ጥያቄዎች መልሳችሁ አውጧቸው። እንደ አልበም የላቀው? «ማስተር»። ብዙ ዓይነት ስሜት ይይዛል፤ ደጋግሞ መሰማትን ይችላል። ትራሽን አጥርቶ የሚያሳየው? «ሬይን ኢን ብለድ»። ትራሽ ያልሆነ ነገር በሙሉ ተነቅሎ ወጥቷል። ዝግ ያለ ዘፈን የለም፣ አኩስቲክ የለም፣ ትርፍ ደቂቃ የለም። «ማስተር» በጠባቡ ያለፈበትን ደንብ ይህኛው ሳይጨነቅ ያልፋል።

«ረስት ኢን ፒስ»ስ? በጊታር ብቻ ብንዳኝ ኖሮ ነገር አልቆ ነበር። ማስቴንና ማርቲ ፍሪድማን «ሃንጋር 18» ላይ ሶሎ ሲቀባበሉ ሌሎቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አልበሙ ግን ከሁለቱ አስደናቂ መክፈቻ ዘፈኖች በኋላ ያንኑ ከፍታ አይጠብቅም። የሚቃወም ካለ በደቂቃና በሰከንድ ይምጣ።

9. ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ቦታ ተለዋወጡ

ሁሉም ሰው የማይወደውን አንድ እጩ ይውሰድና ለአምስት ደቂቃ ይሟገትለት። ማላገጥ ክልክል ነው። ስሌየርን የሚጠላ ሰው ለስሌየር ሲሟገት ከደጋፊው የተሻለ ምክንያት ሲያመጣ ማየት የተለመደ ነው። ደጋፊ ስለለመደው ብዙ ነገር አይሰማም።

ከዚያ በወረቀት፣ ለየጥያቄው ለየብቻ፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት አልበም በደረጃ ይጻፍ። ለአንደኛ ሦስት ነጥብ፣ ለሁለተኛ ሁለት፣ ለሦስተኛ አንድ። ወረቀቱ ተጣጥፎ ይሰብሰብ፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው ሌላውን እንዳይጎትት። እኩል የመጡ ካሉ የሁለቱን ሦስተኛ ዘፈን አጫውቱና በእሱ ለዩ። መክፈቻ ዘፈን ላይ ሁሉም ባንድ ይጠነቀቃል። ሦስተኛው ላይ ነው ማን ምን ያህል ስንቅ እንደያዘ የሚታወቀው።